«ቤቱን ለሁለት ተከራየን፤ ዕዳው ግን ለብቻዬ ወደቀ»
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ቤት የተከራዩ ሁለት ጓደኛሞች ታሪክ

የሰሞኑ ኪራይ እንዴት ይዟችኋል? «አከራዬ ዛሬም ጨምር አለችኝ» የምትሉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔም ከናንተው ወገን ነኝ። በሩ ሲንኳኳ የወሩን ቀን የምቆጥር ተከራይ ነኝ።

ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ ላውጣችሁ ነው። ውቅያኖስ አሻግሬ አሜሪካ እወስዳችኋለሁ። «ኧረ ተወን! በዶላር እያገኙ የኪራይ ምን ችግር አለባቸው?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደናንተ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረችኝ አብራኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰች ልጅ ናት። እኔ እዚሁ ቀርቼ ይኸው ለጋዜጣ እጫጭራለሁ። እሷ ዲቪ ደርሷት በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ሄደች። በቅርቡ ለዕረፍት መጥታ ቦሌ አካባቢ ካፌ ቁጭ ብለን ስናወጋ፣ ሁለት ማኪያቶ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያጫወተችኝን ነው የምነግራችሁ። ስሟን እንዳላወጣ አስምላኛለች።

ወሬያችን የተጀመረው በቤት ነው። ልጅቷ ተወልዳ ያደገችው ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም ፈርሷል። እናቷ አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። «ከኤርፖርት ስወጣ ታክሲውን ፒያሳ ልለው ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ… ወዴት ነው የምሄደው? እዚያ የኔ ቤት የለኝ፤ እዚህ ያደግኩበት ሰፈር የለ» አለችኝ። እንባዋ ሊመጣ ሲል ሳቀች። ከዚያ ያንን ታሪክ ጀመረች።

ከሳሎን ሶፋ እስከ ኪንግ ስትሪት

አሌክሳንድሪያ ማለት ከዋሽንግተን ዲሲ በስተደቡብ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለች የቨርጂኒያ ከተማ ናት። በ2020 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ነዋሪዎቿ 160 ሺህ ገደማ ነበሩ። ሠራተኛው በብዛት ጧት ወደ ዲሲ ሄዶ ማታ ይመለሳል። ሐበሻ ደግሞ ሞልቷታል። በተለይ በምዕራብ በኩል ያሉት ረጃጅም ፎቆች ውስጥ ሊፍት ስትገቡ «ደህና አደርሽ?» ብትሉ መልስ አታጡም። የከተማው አስተዳደር ራሱ ማስታወቂያውን ከስፓኒሽና ከአረብኛ ጋር በአማርኛም ያወጣል።

ልጅቷም ያረፈችው እዚያው አክስቷ ቤት ነው። የአክስት ቤት ደግሞ… እናንተው ታውቁታላችሁ። ስምንት ወር ሙሉ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኛች። የአክስቷ ባል ማታ ኳስ ካየ እንቅልፏን ይዛ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ጧት አሥር ሰዓት ተነሥታ ኤርፖርት ሥራ ትሄዳለች። «አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። ግን ሻንጣዬን ስምንት ወር ሙሉ አላወጣሁትም። ከሻንጣ መኖር ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ።

አንድ እሑድ ታዲያ ከጓደኛዋ ጋር ሽርሽር ወጡ። ይህቺ ጓደኛዋ የአንድ ሰፈር ልጅ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዳቦ የተካፈለች፣ እሷም በዲቪ የሄደችና አረጋውያንን እቤታቸው እየሄደች የምትንከባከብ ናት። የሄዱት ኦልድ ታውን ወደሚባለው የከተማዋ አሮጌ ክፍል ነው።

ኦልድ ታውን በ1749 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረው የመጀመሪያው ከተማ ነው። ከባቡር ጣቢያው እስከ ወንዙ ድረስ አንድ ማይል የሚያህል ኪንግ ስትሪት የሚባል መንገድ አለ። ግራና ቀኙ የጡብ ቤት፣ የእግረኛው መንገድ ጡብ፣ ወደ ወንዙ ሲጠጉ ደግሞ ድንጋይ የተነጠፈበት ጎዳና ሳይቀር ይገኛል። ጆርጅ ዋሽንግተን ያስቀድስበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አለ። ከተማው ይህን አሮጌ ክፍሉን በ1946 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልሎታል፤ ባለቤቱ ራሱ የቤቱን ፊት ለመለወጥ ሲያስብ የሚያስፈቅደው ቦርድ አለ። ታዲያ የዶሮ ማነቂያዋ ልጅ ይህን ስትሰማ ምን ይሰማት!

«ገና እንደገባሁ ወደድኩት» አለችኝ። «ፒያሳን ፒያሳን ሸተተኝ። እኔና እሷ ተያየንና ‹እዚህ ነው የምንኖረው!› አልን።»

ውበቱን ያየ ሁሉ ታሪኩን አያይም። ዱክ ስትሪት ላይ 1315 ቁጥር የሆነ ቤት አለ። ከ1828 እስከ 1836 እ.ኤ.አ. ድረስ ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ ነጋዴዎች በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር ባሮችን እዚያ እያጎሩ ወደ ደቡብ ይሸጡ ነበር። ቤቱን ከተማው በ2020 እ.ኤ.አ. ገዝቶ ዛሬ ሙዚየም ነው። «በዚያ በር ስንቴ አልፌያለሁ! ቆይቼ ሳነብ እግሬ ተብረከረከ» አለችኝ ልጅቷ። እኔም ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈለግኩም።

የፍቅር ዘመን

ቤት ፍለጋው ተጀመረ። ኦልድ ታውን መሀሉ ላይ ያለው ኪራይ የሚቀመስ አይደለም። ዳር ዳሩን ፈልገው፣ ከኪንግ ስትሪት በእግር የሚደረስ፣ ጡብ የለበሰ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ ሁለት መኝታ ቤት አገኙ። ኪራዩ በወር 2,100 ዶላር ነው። ለሁለት ሲካፈል 1,050፣ 1,050።

እዚህ ላይ የአሜሪካ ወግ ይምጣ። እዚያ ደላላ ጎትቶ ወስዶ «ይቺን ቤት ካላያችሁ ሞቻለሁ» አይልም። ማመልከቻ ይሞላል። የማመልከቻ ክፍያ አለ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ በሕግ ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ የጀርባ ታሪክህን ለማጣራት የሚወጣው ወጪ ግን ለብቻው ይታሰባል። ከዚያ ደሞዝህን ያያሉ። ብዙዎቹ አከራዮች ገቢህ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ቀጥሎ «ክሬዲት» የሚሉት አለ፤ ዕዳህን በወቅቱ ትከፍል እንደሆነ የሚመሰክር ቁጥር ማለት ነው። አዲስ ገብ ደግሞ ክሬዲት ከየት ያመጣል?

የሁለቱ ልጆች ደሞዝ ሲደመር 6,300 ዶላር ሞላ። የ2,100 ሦስት እጥፍ ልክ 6,300 ነው! «እግዜር ሰፍቶ የሰጠን ነበር የመሰለን» አለችኝ። አንድ የሳቱት ነገር ግን ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ልክ የሞላው ገቢ፣ አንዷ ስትወጣ ግማሽ ነው።

ውሉ መጣ። ሃያ ምናምን ገጽ እንግሊዝኛ። ወኪሏ ፈገግ ብላ «እዚህ ጋ ፈርሙ፣ እዚህ ጋ ደግሞ» አለች። ፈረሙ። ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንዲት መስመር ነበረች፤ በየቤቱ ውል ላይ የማትጠፋ መስመር ናት። ተከራዮቹ ለሙሉው ኪራይ «በአንድነትም በተናጠልም» ኃላፊ ናቸው ትላለች። ሲተረጎም ምን ማለት ነው? አከራዩ «ግማሽ ያንቺ፣ ግማሽ የሷ» የሚባል ነገር አያውቅም። አንዷ ብትጠፋ ሙሉውን ካለችው ይቀበላል። ግማሽ ግማሹ የናንተ የጓዳ ስምምነት ነው።

መስከረም 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ገቡ። አንድ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግተው፣ ጀበና ጥደው ቡና አፈሉ። «ሻንጣዬን ያን ዕለት አወጣሁት። ልብሴን ስሰቅል አለቀስኩ» አለችኝ። እንቁጣጣሽን እዚያው አከበሩ። በነፃ አውቶቡስ /አሌክሳንድሪያ የከተማው አውቶቡስ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፍያለሽ አይልም/ ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር። ገናንም አብረው ዋሉ።

ከዚያስ?

ጓደኛዬ የት ገባች?

በጥር መጨረሻ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የጓደኛዋ ክፍል ባዶ ነው። ልብስ የለ፣ ጫማ የለ። አልጋው ላይ አንዲት ወረቀት ብቻ። «ይቅር በይኝ፣ ሚኒሶታ የአጎቴ ልጅ ጋ ሄጃለሁ። የየካቲቱን እልክልሻለሁ።»

የየካቲቱ አልመጣም። ስልክ ትደውላለች፤ አይነሳም። መልእክት ትልካለች፤ ታይቶ ዝም። መቼም ሰው ስልክ ሳያነሳ ሲቀር ምን እንደሚታሰብ ታውቃላችሁ። «ወንድ ይዛ ነው የሄደችው» አለ አንዱ። «ከመጀመሪያውም አይኗ አያምርም ነበር» አለች ሌላዋ። ባለታሪኳም ማመን ጀመረች።

ሒሳቡን እንየው። እጇ የሚገባው 2,600 ዶላር ገደማ ነው። 2,100 ለኪራይ ሲወጣ የሚቀራት 500 ነው። ከዚያ ላይ ምግብ፣ ስልክ፣ ለእናቷ የምትልከው። የየካቲትን ካጠራቀመችው ከፈለች። የመጋቢትን አዘግይታ ከፈለች፤ የመዘግየት ቅጣቱ 210 ዶላር ታከለበት። /የቨርጂኒያ ሕግ ቅጣቱ ከኪራዩ አሥር በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ አሥር በመቶው ግን ይኸው 210 ነው።/ ሚያዝያ ላይ ኪሷ ባዶ ሆነ። በሯ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ቀጥሎ የፍርድ ቤት መጥሪያ።

«ፍርድ ቤቱ የት እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ኪንግ ስትሪት ላይ! ያ ሳየው ፒያሳን የሸተተኝ መንገድ ላይ!»

ለእናቷ ግን በየሳምንቱ «ደህና ነኝ፣ ቤቴ ያምራል» ትላለች። የምትልከውንም 200 ዶላር አላቋረጠችም። ምሳ አቁማለች፤ እናቷ ግን አላወቁም። አይ የሰው አገር ኑሮ!

ያወጣት ዕቁብ ነው

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት አለ። መጥሪያ ሲመጣ ፈርቶ መቅረት። በተለይ የኛ ሰው ፍርድ ቤት ሲባል ወንጀለኛ የሆነ ይመስለዋል። በቀጠሮው ቀን ያልቀረበ ሰው ላይ ግን በሌለበት ይፈረድበታል።

ልጅቷ ልትቀር አስባ ነበር። አብራት የምትሠራ በዕድሜ ገፋ ያለች የኛው አገር ሴት ናት የገሠጸቻት። «አንቺ ሞኝ! ሳይፈረድብሽ ሙሉውን ከከፈልሽ እኮ ጉዳዩ ይዘጋል!» አለቻት። እውነቷን ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ተከራዩ ከቀጠሮው በፊት ወይም በቀጠሮው ቀን ኪራዩን፣ ቅጣቱንና የፍርድ ቤቱን ወጪ አሟልቶ ከከፈለ ክሱ ይዘጋል።

ግን ከየት አምጥታ? የሚያዝያና የግንቦት ኪራይ 4,200፣ ቅጣቱ 420፣ የፍርድ ቤት ወጪ ሲታከል ከ4,600 ይበልጣል። ያን ጊዜ ዕቁቡ ትዝ አላት። ሃያ ሆነው በወር 250 ዶላር ይጥሉ ነበር። የሷ ዕጣ ገና ነበር። ለዕቁብ ዳኛው ደውላ እያፈረች ነገረቻቸው። ሰውየው ለጊዜው ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ለዚህ ጊዜ ካልሆነ ዕቁብ ለመቼ ነው?» ብለው የወሩን ባለ ዕጣ ለምነው 5,000ውን አስረከቧት። ከቀጠሮው ሦስት ቀን በፊት ከፈለች። ክሱ ተዘጋ።

ቀጥላ ደግሞ ከዚያ በፊት ልታደርገው የሚገባትን አደረገች። አከራዩ ቢሮ ሄዳ «ጓደኛዬ ወጥታለች፣ ሌላ ሰው ላስገባ» ብላ አመለከተች። በጽሑፍ ፈቀዱላት። አዲሷ ልጅ ማመልከቻ ሞልታ ከሰኔ ጀምሮ ገባች። «ይኼን የካቲት ላይ ባደርገው ኖሮ… አፈርኩ። ‹ትመለሳለች› እያልኩ ጠበቅኩ» አለችኝ።

መሳቢያ ውስጥ ያለው ቼክ

ውሉ በነሐሴ መጨረሻ አለቀ። የመግቢያው መያዣ /እነሱ ዲፖዚት የሚሉት/ 2,100 ዶላር ነበር። በቨርጂኒያ አከራዩ መያዣውን፣ ከቆረጠም የቆረጠበትን ዝርዝር ጽፎ፣ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። 320 ዶላር ለቀለምና ለምድጃ ጽዳት ተቆርጦ 1,780 ዶላር መጣ። በቼክ። ቼኩ የተጻፈው ግን በማን ስም መሰላችሁ? በመጀመሪያ በፈረሙት በሁለቱ ስም!

በዚያው ሳምንት ስልኩ ጮኸ። ከስምንት ወር በኋላ፣ ጓደኛዋ።

«የዲፖዚቱን ግማሽ ፈልጌ ነበር…»

«ምን አልሻት?» አልኳት።

«የተናገርኩትን ላንተ አልነግርህም» አለችኝ። «ጓደኝነታችን ውስጥ ያለ ደግ ነገር ሁሉ በዚያ ቀን ያለቀ መሰለኝ። አራት ወር ሙሉ የሷን 4,200 ከፍዬ፣ ቅጣት ከፍዬ፣ ፍርድ ቤት ተጠርቼ… ግማሽ ትለኛለች! ስልኩን ዘጋሁት። ቼኩን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። እሷ ካልፈረመች ባንክ አይቀበለኝም፤ እሷን ለምኜ ደግሞ አላስፈርማትም!»

አንዷ ተናዳ፣ አንዷ አፍራ፣ ቼኩ ስድስት ወር አለፈው። ስድስት ወር ያለፈውን ቼክ ደግሞ ባንክ የመክፈል ግዴታ የለበትም። 1,780 ዶላር መሳቢያ በላው።

እውነቱ የመጣው ከሌላ አፍ ነው። የልጅቷ እናት አንድ ቀን ስልክ ላይ እንደዋዛ «የጓደኛሽ እናት እኮ ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት እየተመላለሱ ይታጠባሉ። ልጅቷ የላከችው ሁሉ ለዚያ ነው የሚሄደው፤ አንድ ዓመት አለፋቸው እኮ። አልነገረችሽም እንዴ?» አሏት።

አልነገረቻትም። ወንድ አልነበረም። ጭፈራም አልነበረም። የእናቷን የኩላሊት እጥበት ትከፍል ነበር። ኪራይ ሳትከፍል የምትተኛበት ቦታ ፍለጋ ነው ሚኒሶታ የሄደችው። «የለኝም» ማለት ግን ከሞት ከበዳት። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ጀበና ቡና እየጠጡ፣ አንዷ ለእናቷ «ደህና ነኝ» ትላለች፣ አንዷ ለጓደኛዋ «ደህና ነኝ» ትላለች። ሁለቱም ደህና አልነበሩም።

ከሌላ በር ያየሁት

ይህ የሁለት ሴቶች ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያችው ከተማ የሚኖር አንድ ሌላ ወጣት በስልክ ያጫወተኝን ልጨምር። እሱ ደግሞ ውል ጠልቶ የሐበሻ ቤዝመንት ተከራየ። በጥሬ ገንዘብ 900 ዶላር፤ ወረቀት የለ፣ ደረሰኝ የለ። «አገር ልጅ ነን፣ ምን ወረቀት ያስፈልገናል» ተባባሉ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ተስማምተው ኖሩ። ከዚያ በመኪና ማቆሚያ ተጣሉ። «እስከ ቅዳሜ ልቀቅ» ተባለ። ለቀቀ። አፓርታማ ሊያመለክት ሲሄድ «ከዚህ በፊት የት ተከራይተሃል? ማስረጃ አምጣ» አሉት። ምን ያምጣ? ከአሥራ ስድስት ሺህ ዶላር በላይ ኪራይ ከፍሎ በወረቀት ላይ አንድም ቀን ቤት ተከራይቶ የማያውቅ ሰው ሆነ።

ሁለት ነገር አላወቀም። አንደኛ፣ በጥሬ ገንዘብ የከፈለ ተከራይ ደረሰኝ ከጠየቀ አከራዩ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሁለተኛ፣ አከራይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቁልፍ ቀይሮ ወይም ዕቃ አውጥቶ ተከራይን ማባረር አይችልም። «እስከ ቅዳሜ» የሚባል ሕግ የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ውድ አንባብያን፣ ከናንተ ውስጥ ነገ ሻንጣ የምታነሱ ትኖራላችሁ። ዘመድ እዚያ ያላችሁም ብዙ ናችሁ። ከሰማሁትና ካጣራሁት ያጠራቀምኩትን እንካችሁ።

ከመፈረማችሁ በፊት ተነጋገሩ። «አንቺ ሥራ ብታጪስ? እኔ ብታመምስ? ለቤተሰብ በወር ስንት ትልኪያለሽ?» ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። የማያስጠይቅ ጓደኝነት አብሮ ለመፈረም አይበቃም። የተስማማችሁትንም በአማርኛም ቢሆን ጽፋችሁ ፈርሙ። አከራዩን አያስገድደውም፤ እናንተን ግን ያስታውሳችኋል።

ለብቻችሁ ስንት ወር እንደምትችሉ አስሉ። የሁለት ሰው ገቢ ልክ የሚሞላው ቤት የአንድ ሰው ወጥመድ ነው። ቢያንስ የሁለት ወር ሙሉ ኪራይ በእጃችሁ ሳይኖር ለሁለት አትፈርሙ።

የመያዣውን ልክ እወቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ መጠየቅ ክልክል ነው። የኪራይ ጣሪያ የሚባል ሕግ ግን የለም፤ ውሉ ሲያልቅ ስንት ሊጨምሩባችሁ እንደሚችሉ አስቀድማችሁ አስቡ።

የገባችሁ ዕለት ፎቶ አንሡ። ግድግዳ፣ ወለል፣ ምድጃ፣ መታጠቢያ። አከራዩ በገባችሁ በአምስት ቀን ውስጥ የጉዳት ዝርዝር ይሰጣችኋል፤ የጎደለ ካለ እናንተም በአምስት ቀን በጽሑፍ ተቃወሙ። ስትወጡም ሲፈትሹ አብራችሁ የመቆም መብት አላችሁ። አድራሻችሁን ትታችሁ ውጡ፤ ቼኩስ በማን ስም ይጻፍ የሚለውንም ተነጋገሩ።

አሮጌ ቤት ከሆነ ዕድሜውን ጠይቁ። ኦልድ ታውን ያምራል፤ ውበቱ ግን ዋጋ አለው። ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙ እርሳስ /ሊድ/ ሊኖረው ስለሚችል አከራዩ የሚያውቀውን የመግለጽ ግዴታ አለበት። ሕፃን ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። የኪንግ ስትሪት ታችኛው ጫፍ ደግሞ ወንዙ ሲሞላ ውኃ ይወጣበታል። እዚያ አካባቢ ቤዝመንት የምትከራዩ ከሆነ «ውኃ ገብቶ ያውቃል?» በሉ። መኪና ያላችሁም ማቆሚያውን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ማሞቂያው፣ ውኃው፣ መብራቱ ኪራዩ ውስጥ አለ ወይስ ለብቻ ነው? ይህም መጠየቅ አለበት።

ችግር ሲመጣ ቶሎ ተናገሩ። መጀመሪያ ለአከራዩ፣ ሰው ለመቀየርም በጽሑፍ አስፈቅዱ። አሌክሳንድሪያ የከተማው የቤቶች ጽሕፈት ቤት የአከራይና ተከራይ ጉዳይ የሚያይ ክፍል አለው። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ የሰሜን ቨርጂኒያ የሕግ አገልግሎትም አለ። መጥሪያ ከመጣ ቅረቡ፤ እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እዚህ ያላችሁስ? ለኛም አይቀርልንም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ስንቶቻችን ውላችንን አንብበናል? ጓደኛ ከጓደኛ ጋር ተዳብሎ ሲከራይስ ስንቱ ነው «ብትወጣስ?» ብሎ የሚነጋገር?

የመጨረሻው ወሬ

ማኪያቶው ቀዝቅዞ ነበር። «እና ተኳረፋችሁ ቀራችሁ?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ። «የመጣሁት እናቴን ላይ ነበር። በመጣሁ በሳምንቱ የሷ እናት አረፉ። ለቅሶ ሄድኩ። እሷም ከሚኒሶታ ደርሳ ነበር። በሩ ላይ ስታየኝ… እንደ ሕፃን ነው የጮኸችው። ተቃቅፈን ስንቴ እንዳለቀስን እንጃ። ሠልስት ላይ ወደ ጓዳ ወሰደችኝና ኤንቨሎፕ ሰጠችኝ። ‹አንድ ሺህ አለ፤ የቀረውን በየወሩ ሁለት መቶ ሁለት መቶ እልክልሻለሁ› አለችኝ። ‹በለቅሶ ቤት ገንዘብ አልቀበልም› አልኳት። ‹ካልተቀበልሽኝ ቀና ብዬ አላይሽም› አለችኝ። ተቀበልኳት።»

«ወሰድሽ?»

«ወሰድኩ። እሷ ዕዳዋን ካልከፈለች አትታረቀኝም፤ እኔም የለኝም ብላ ብትነግረኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አሰብኩ። ኪራዩን መክፈል ባልችል እንኳ ሌላ ሰው ቶሎ እናስገባ ነበር። ወይ ሁለታችንም ወደ አክስቴ ሶፋ እንመለስ ነበር። ብቻ ለብቻዋ አትሸከመውም ነበር።»

«እንግዲህ አሌክሳንድሪያ ብትመለስ አብራችሁ ትከራያላችሁ?» አልኳት ልነካካት ብዬ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። «ለቅሶም ሠርግም አብረን እንቀመጣለን። ሊዝ ግን አብረን አንፈርምም!»

ምን ትላላችሁ ውድ አንባብያን? ዕዳውን መቀበሏ ልክ ነበር ትላላችሁ? ወይስ በለቅሶ ቤት ትተወው ነበር? እኔ ካፌው በር ላይ ተሰናብቻት ወደ ቤቴ ስሄድ የማስበው ይህን ነበር። ቤት ስደርስ አብሮኝ የተዳበለውን ልጅ «እስቲ ቁጭ በል፣ አንድ ነገር እንነጋገር» አልኩት። ደነገጠ ምስኪን! የምለቅበት መስሎት።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።